ኮዱን የሰጠሁት እኔው ነኝ

የኮሌጁ ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ። «እናቴ፣ የልጅዎን ክፍያ ከሆነ ፋይናንስ ቀን ቀን ነው የሚሠራው፤ አሁን ተዘግቷል» አለኝ። ከሥራ የወጡ ወጣቶች ቦርሳቸውን እያስፈተሹ በጎኔ ያልፋሉ። «የልጄን አይደለም፤ ተማሪዋ እኔ ነኝ» አልኩት። መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ መታወቂያዬን አየ። ከዚያ «ጎበዝ!» ብሎ አሳለፈኝ። ክፍል ስገባ የባሰው መጣ። ፊት ለፊት የተቀመጡት አራት ልጆች ብድግ አሉልኝ። መምህርቷ መስያቸው ነው።

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። የተመዘገብኩበት ኮርስ የኢንተርኔትን አሠራር ከሥሩ የሚያስተምር መግቢያ ትምህርት ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት። ዲግሪ ፈልጌ አይደለም። አስተባባሪዋ «በአድማጭነት ይቀመጡ፣ ፈተናውን ከፈለጉ ይፈተናሉ» ብላ ነው የፈቀደችልኝ። ልጄ ሲሰማ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ። ለምን እንደገባሁ ያውቃላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ስልኬ ላይ ካለው የመልእክት መተግበሪያ የወንድሜ ልጅ ጻፈልኝ። «እትዬ፣ ልጄ የሕፃናት ውድድር ላይ ገብታለች፣ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል፤ ሊንክም አለው። ነካሁት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሞላሁ። ወዲያው አምስት አኃዝ ያለው ኮድ ገባልኝ። ኮዱንም ጠየቀኝ፣ ሞላሁ። «ድምፅዎ ተመዝግቧል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ቡናዬን ጠጣሁ። የጻፈልኝ የወንድሜ ልጅ አልነበረም። የእሱም ስልክ ከአንድ ቀን በፊት በዚያው መንገድ ተወስዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጻፍኩት እኔ ያልሆንኩ «እኔ» ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጻፍኩ። ሆስፒታል ነኝ፣ ስልኬ ድምፅ አያወጣም፣ እስከ ነገ የምመልሰው ገንዘብ ቸግሮኛል። አብዛኛው ሰው ጠረጠረ። አንዷ አልጠረጠረችም። ከአርባ ዓመት በላይ የማውቃት ጓደኛዬ፣ ያን ሳምንት የደረሳትን የዕቁብ ገንዘብ፣ ሃያ አምስት ሺህ ብር፣ አንድ ሳንቲም ሳታስቀር ላከች። ለቤቷ ቆርቆሮ ልታስቀይርበት የያዘችው ነበር። ክረምት ነበር ብያችኋለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ የሚባል፣ ቁጥሩ 958/2008 የሆነ ሕግ እንዳለ ያኔ ነው የሰማሁት። ገንዘቡ ግን የገባበት ሒሳብ ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አላደረም። ጓደኛዬ «ምንም አይደል፣ እግዜር ይተካዋል» አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡና መምጣቷን አቆመች። ልጄ ደግሞ ስልኬን ተቀብሎ ሲነካካ አመሸና፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትነኪ። እንዲያውም ባለ ቁልፉን ተራ ስልክ ልግዛልሽ» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ግን ልጄ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ የልጅ ልጄን በዓይኔ ያየኋት በዚያች ስልክ ብቻ ነው። ተራ ስልክ ይገዛልሽ ማለት ፊቷን አታዪም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የባሰ የሚያደርገው ሙያዬ ነው። እኔ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። በ1974 ዓ.ም. በሃያ ዓመቴ፣ በአንዲት ትንሽ የወሎ ከተማ ቴሌ ቤት ስዊችቦርድ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ፊቴ ቀዳዳ የሞላበት ሰሌዳ፣ እጄ ላይ ገመድ። ጓደኛዬም ኦፕሬተር ነበረች፤ የተዋወቅነው ሥልጠና ላይ ነው። ሁለታችንም ሰውን በ«ሃሎ» እንለያለን። ያ ሌባ በድምፅ ቢመጣ ኖሮ አፉን ሳይዘጋ ታውቅበት ነበር። እሱ ግን በጽሑፍ መጣ። ጽሑፍ ድምፅ የለውም።

መምህራችን ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ቀጭን፣ ጠመኔ የሚወድ ልጅ ነው። ፕሮጀክተር እያለ ሰሌዳ ላይ ይስላል። የመጀመሪያው ማታ «ኢንተርኔት የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ሰማይ ላይ፣ ሳተላይት» አለ። አንዷ «አሜሪካ» አለች። እኔ ዝም አልኩ፤ በልቤ ግን «ስልኬ ውስጥ» ብዬ ነበር። ሁላችንም ተሳስተናል። ኢንተርኔት አንድ ቦታ፣ አንድ ድርጅትም አይደለም። በየአገሩ ያሉ የተለያዩ ባለቤቶች መረቦች በአንድ ዓይነት ደንብ እንነጋገር ብለው ስለተስማሙ የሚሠራ የመረቦች መረብ ነው። እኛ «ኢንተርኔት» እያልን የምንከፍታቸው ገጾች ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ከሚጓዙት ጭነቶች አንዱ ናቸው። መንገዱ ቀድሞ ነበር፤ ገጾቹን ያመጣው ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

የመንገዱን መጀመሪያ ሲነግረን ወደድኩት። በ1969 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29፣ በእኛ ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሎስ አንጀለስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረ አንድ ተማሪ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ካለው ኮምፒዩተር ጋር ለመገናኘት «ሎግኢን» የሚለውን ቃል መጻፍ ጀመረ። «ኤል» ደረሰች። «ኦ» ደረሰች። ሦስተኛዋ ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። ዓለምን ያገናኘው ነገር የመጀመሪያ መልእክቱ ሁለት ፊደል ብቻ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልገረመኝም። «ሃ...» ብሎ የተቋረጠ ስንት ጥሪ አገናኝቻለሁ!

ሦስተኛው ማታ ግን ሙያዬ ተነካ። መምህሩ አንድ ወረቀት ላይ ደብዳቤ ጽፎ አምጥቷል። ፊታችን ቀዳደደው። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥርና «ለመጨረሻው ወንበር» የሚል አድራሻ ጻፈና በተለያየ ረድፍ አሳለፈ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በመሐል ሄደ። ኋላ የተቀመጠችው ልጅ እንደ ቁጥሩ ደረደረችው። አራተኛው ቁራጭ የለም። አንዱ ተማሪ ሆን ብሎ ኪሱ ከቶታል። ልጅቷ «አራተኛው አልደረሰኝም» ብላ መልሳ ላከች፤ መምህሩ አራተኛውን እንደገና ጽፎ ሰጠ። «በቃ፣ ኢንተርኔት ይኸው ነው» አለን። ቁራጩ ፓኬት ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፓኬት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ባይት አይበልጥም። ስለዚህ ልጄ የምትልክልኝ ሦስት ሚሊዮን ባይት የሚሆን አንድ ፎቶ ወደ ሁለት ሺህ ቦታ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። የልጅ ልጄ አንድ ጉንጭ በአንድ መንገድ፣ ሌላው ጉንጭ በሌላ መንገድ ሊመጣ ይችላል።

እጄን አወጣሁ። «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» አልኩ። ክፍሉ ዞሮ አየኝ። በእኛ ጊዜ አንድ ነጋዴ ደሴ ልደውል ካለ፣ ከእሱ እስከ ደሴ ያለው መስመር ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ቢያወራም የእሱ ነው፣ ዝም ቢልም የእሱ ነው፣ ቢያስነጥስም የእሱ ነው። ሌላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከጠዋት እስከ ማታ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ «እባክዎ ይምጡና ይሳሉልን» አለኝ። ወጣሁ። ሰሌዳውን፣ ቀዳዳዎቹን፣ ገመዱን ሳልኩ። እሱም ከጎኑ የፓኬቱን ሣለ። ልዩነቱ አንድ ነገር ነው፤ ፓኬቶች መንገድ አይይዙም፣ መንገድ ይጋራሉ። አንዱ ሲተነፍስ የሌላው ያልፋል። ይህን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለያይተው ያሰቡት አሜሪካዊው ፖል ባራንና እንግሊዛዊው ዶናልድ ዴቪስ ናቸው። ሁሉንም መረብ የሚያግባባው ደንብ ደግሞ የቪንት ሰርፍና የቦብ ካን ነው፤ የያኔው መረብ ወደዚህ ደንብ የዞረው በ1983 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ነው። ቤት ገብቼ ቆጠርኩት፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ቀን እኔ ገመዴን እየሰካሁ ነበር። ሥራዬን የሚያስቀር ነገር መሠራቱን ማን ነግሮኝ!

ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጆቹ «ማዘር» ይሉኝ ጀመር። ወንበር ይይዙልኛል። እኔም ቆሎ ይዤ እሄዳለሁ።

ለአያቶች አንድ የምትጠቅም ነገር በዚህ መሐል ተምሬያለሁ። ፎቶ ሲላክ አንድ ፓኬት ከጠፋ እንደገና ይጠየቃል፤ ስለዚህ ፎቶው ቢዘገይም ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። በቪዲዮ ስንነጋገር ግን የጠፋውን ለመጠበቅ ጊዜ የለም። ያመለጠው አምልጦ ይቀጥላል። የልጅ ልጄ ፊት ድንገት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ የሚበተነው፣ አፏ ተከፍቶ የሚቀረው፣ ድምፁ ግን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ካርድ ያለቀብኝ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ደግሞ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ እጮሃለሁ። መጮህ ለፓኬት አይረዳም።

በአምስተኛው ሳምንት ስለ ስምና ቁጥር ተማርን። እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር አለው። የድሮው ዓይነት ቁጥር ሲደመር ወደ አራት ነጥብ ሦስት ቢሊዮን አድራሻ ነው፤ ዓለም ስለበዛ አልበቃ ብሎ ረጅም ቁጥር መጥቷል። ሰው ግን ቁጥር አይሸመድድም፤ ስም ነው የሚጽፈው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥ አገልግሎት አለ፣ ዲኤንኤስ ይባላል። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ምነው?» አለኝ። «እኔ ነበርኩ!» አልኩት። እኛ ከተማ ማንም ቁጥር አይጠራም ነበር። «እስቲ የወፍጮ ቤቱን ስጪኝ» ነው የሚሉት። «ሐኪሙን ስጪኝ»። እንዲያውም አንዳንዴ «ሐኪሙን» ሲሉ፣ ሐኪሙ ያን ሰዓት ቤቱ እንደሌለና ጠጅ ቤቱ ጋ እንደሚገኝ ስለማውቅ ጠጅ ቤቱን አገናኛለሁ። ይህን ዲኤንኤስም አያደርገውም።

በኋላ አንብቤ ያገኘሁት ደግሞ አለ። ዲኤንኤስን ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ከማውጣቱ በፊት፣ የኢንተርኔት ስሞች ሁሉ የሚመዘገቡት በአንድ ዝርዝር ላይ ነበር። ዝርዝሩን የሚይዘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ክፍሉን ትመራ የነበረችው ኤልዛቤት ፋይንለር የምትባል ሴት ናት። አዲስ ኮምፒዩተር ያለው እነሱ ጋ አሳውቆ ያስመዘግባል። ስሟን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። የዓለሙ ሁሉ ኦፕሬተር ነበረች ማለት ነው።

ከሳተላይት እንውረድና መሬት እንያዝ። በአህጉራት መሐል የሚሄደው መረጃ እጅግ አብዛኛው የሚጓዘው ባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ነው። ኬብሉ ጥልቁ ባሕር ላይ ውፍረቱ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ያህል ነው፤ ውስጡ ፀጉር የሚያክሉ የመስተዋት ክሮች አሉ፣ በእነሱ ውስጥ ብርሃን ይሮጣል። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ፋይበር በየብስ ጎረቤት አገር መድረስ አለበት፤ ዋናው በር ጅቡቲ ነው። ከዚያ ቀይ ባሕር፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን፣ አውሮፓ፣ አትላንቲክ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መንገዱ አሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ የእኔ «እንደምን አደርሽ» ልጄ ዘንድ የሚደርሰው በሰባ አምስት ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የዓይን ጥቅሻ ከዚያ ይዘገያል። በየመገናኛው ያለው ወረፋ ነው ጊዜውን የሚጨምረው። ወረፋማ እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኮርሱ ውጭ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የመጀመሪያው የአገራችን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ከአዲስ አበባ ሐረር የሚሄደው ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር። ሥልጠና ላይ አሸምድደውናል። ያኔም ሽቦው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ነበር የሚያየው። ኢንተርኔት አገራችን በይፋ ሲገባ በ1989 ዓ.ም. ነበር። አገሩ ወደ ባሕር ለመድረስ የሚሄድበት አቅጣጫ ብዙም አልተለወጠም።

ስለ ፊደላችን የተማርነው ማታ ላይ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ዝም ብለው ሰሙ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ለዓለም ፊደል ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል ሠንጠረዥ አለ። የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። «ሀ» 4608 ናት። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610፣ እንደ የኔታ ቆጠራ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲላክ አንድ ባይት ይይዛል፤ የእኛ አንዷ ፊደል ሦስት ባይት ትይዛለች። አጭር የጽሑፍ መልእክት ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት መቶ ስልሳ ሆሄ ሲይዝ፣ በአማርኛ ሰባ ብቻ ነው። እንኳን አደረሰሽ ብዬ ረዘም አድርጌ ስጽፍ ሁለትና ሦስት መልእክት ሆኖ የሚቆረጥብኝ ለዚህ ኖሯል! ልጄ «በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፣ ይረክሳል» ይለኛል። አልጽፍም። ሦስቷንም ባይት እከፍላለሁ።

የመጣሁበት ትምህርት የደረሰው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። ደኅንነት። መምህሩ ስለ ምስጢራዊ መቆለፍ ሲያስረዳ፣ የሚላከው ነገር በመንገድ ላይ ያለ ማንም እንዳያነበው ሆኖ እንደሚለወጥ፣ መክፈቻው ያለው ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረን። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። እኛ ኦፕሬተሮች መሐል ላይ ነበርን። መስመሩ መያዙን ለማረጋገጥ ማዳመጥ ሥራችን ነው፤ ከሥራው በላይም አዳምጠናል፣ አልዋሽም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ብድር እንዳለበት እናውቅ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ መርዶ ነው። ከአዲስ አበባ ይደወላል፤ ለሽማግሌዎቹ ይነገራል። ሽማግሌዎቹ ማልደው እስኪሄዱ ድረስ ባለቤቷ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። የአንዲትን ሴት የወንድሟን ሞት በሆዴ ይዤ ገበያ አብሬያት ሽንኩርት መርጫለሁ። እያሳቀችኝ። ስለዚህ መምህሩ «መሐል ላይ ያለው ሰው ምንም አይሰማም» ሲል፣ ይህ ለጠሪው ብቻ ሳይሆን ለኦፕሬተሯም ዕረፍት ነው ብዬ አሰብኩ።

ግን ቀጠለ። «ታዲያ ቁልፏ ምልክት ያለበት ገጽ ሁሉ ይታመናል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቻችን አዎ አልን። «አይደለም። ቁልፏ መንገዱ የተሸፈነ መሆኑን ነው የምትነግራችሁ። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ሌባ ከሆነ፣ ምስጢራችሁን ማንም ሳይሰማባችሁ ለሌባው ታደርሳላችሁ።» እኔ ያደረግኩት ልክ ይህንኑ ነው። ማንም ሳይሰማኝ።

«ኮድ ሰጥቶ የተወሰደበት ሰው አለ?» አለ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ ተነሣሁ። ውድድሩን፣ ሊንኩን፣ ሃያ አምስት ሺሁን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆርቆሮውንም። ስቀመጥ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከዚያ አንድ ባንክ የሚሠራ ልጅ እጁን አወጣ። ከእሱ ኋላ አንዷ። በመጨረሻ አምስት ሆንን፤ አራቱ ከሠላሳ ዓመት በታች ናቸው። ልጄ ይህን ቢያይ እንዴት ደስ ባለኝ! የእርጅና በሽታ አይደለም ማለት ነው።

መምህሩ የነገረንን እኔ በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ስልክ ቁጥር ምስጢር አይደለም፤ የቤት አድራሻ ነው፣ ማንም ቢያውቀው አይገርምም። ኮዱ ግን የበሩ መክፈቻ ነው። መተግበሪያው ኮዱን የላከው «ይህን ቁጥር ይዞ ልግባ የሚል ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ አንቺ ከሆንሽ ይህን በይ» ለማለት ነው። እኔ ደግሞ ለቆመው ሰው ሰጠሁት። ስለዚህ ሌባው ምንም አልሰበረም። ከፍቼ አስገብቼ ወንበሬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለዚህ ነው ጓደኛዬ ስታይ ስሜና ፎቶዬ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ የታያት።

ሁለት ነገር አድርጉ አለን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ አደረግን። አንደኛው፣ በመተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ ከኮዱ ሌላ የራሳችን የይለፍ ቃል ማስቀመጥ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ በሩ ሁለተኛ ቁልፍ አለው። ሁለተኛው፣ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ በስማችን የተከፈቱ መሣሪያዎችን ዝርዝር ማየትና የማናውቀውን ማስወጣት ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅ ዝርዝሯ ላይ የማታውቀው ስልክ አገኘች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ነኝ «ይህችን ንኪ፣ አሁን ይህችን» ያልኳት። «ምንም እንዳትነኪ» የተባልኩት ሴትዮ።

ኮርሱን ሰባ አንድ አምጥቼ ጨረስኩ። ሒሳቡ ነው የጎተተኝ።

ቀጣዩ ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ከጡረታዬ በየወሩ አንድ ሺህ ብር በልጇ በኩል እየላክሁላት ነበር፤ ሁለት ጊዜ መልሳልኛለች፣ ሦስተኛውን ዝም ብላ ያዘች። ልጄ «ዕዳው የአንቺ አይደለም» ይለኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የላከችው ለማንም አይደለም፤ ለእኔ ብላ ነው የላከችው፣ ይህን የሚፈታ ሕግ አላውቅም። ቤቷ ስገባ ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ባልዲው ግን አልተነሣም።

እንደ መምህሩ ወረቀት ቀድጄ ሁሉንም አስረዳኋት። ኦፕሬተር ናትና ቶሎ ገባት። ሲኒውን እያጠበች «ታዲያ እሱ ሰውዬ የተጻጻፍነውን ሁሉ አንብቦታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን ከጡቷ መሐል አውጥታ ሰጠችኝ። በእኔ በኩል የጠፋው መልእክት በእሷ በኩል አልጠፋም። ገንዘቡን ከላከች በኋላ «የትኛው ሆስፒታል ነሽ? አጥሚት ይዤ ልምጣ» ብላ ጽፋ ነበር። ከሥር፣ በእኔ ፎቶ፣ እንዲህ የሚል መልስ አለ፦ «አትምጪ። ገንዘብ ካለሽ ጨምሪ።»

«አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ» አለችኝ። «ማታውኑ ነው ያወቅኩት። ግን ፎቶሽን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚሰማኝ።»

የሃያ አምስት ሺሁ ነው ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። መልእክቱን አብረን አጠፋነው፤ ፎቶዬንም ለወጥኩ፣ ሌላ ነጠላ አደረግሁ። የይለፍ ቃሏን አስቀመጥንላት። ሌላም ነገር ተስማማን። በጽሑፍ ገንዘብ የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን፣ በድምፅ ካልተደወለ አይላክም። ሲደወልም አንድ ጥያቄ ይጠየቃል። ጥያቄው ሥልጠና ላይ ሳለን ከአሠልጣኛችን የደበቅነውን ነገር ይመለከታል። መልሱን ከሁለታችን በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። በ«ሃሎ» አወቅኋት፤ እሷም እኔን። እንደዚያም ሆኖ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን መልሺ» አለችኝ። መለስኩላት። ሳቀች፣ እስክታስላት ድረስ።

«በይ ነይ፤ ቡናው ተቆልቷል» አለችኝ።